አሥራ ሦስተኛው ዳቦ

የአምስት ብሩ ዳቦ ሰሞኑን ጨበጥ ሲያደርጉት መዳፍ ውስጥ ይጠፋል። ዳቦ ቤቶች ግራም አጎደሉ ተብለው ታሸጉ የሚል ዜና ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ ስላልሆነ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ዋጋውን አስሮ ዳቦውን ማሳነስ በአንድ ዘመን እንግሊዝ አገር ሕግ ነበር የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤአለሁ። እውነት ይሆን ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ።

እውነት ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የወጣው የዳቦና የጠላ ድንጋጌ (ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. 1266 ይባላል) የዳቦን ዋጋ አይነካም። የሩብ ፔኒ ዳቦ ሁልጊዜ ሩብ ፔኒ ነው፤ ስንዴ ሲወደድ ያንሳል፣ ሲረክስ ያድጋል። ስንት መመዘን እንዳለበት በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ያጎደለ ጋጋሪ ይቀጣል፤ ከደጋገመም አንገቱና እጆቹ በእንጨት ተጠርቅመው አደባባይ ላይ እንዲቆም ይደረጋል። አሠራሩ ለንደን ውስጥ እስከ 1822፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል እስከ 1836 ዘለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ቂም አለብኝ። የእንግሊዝ ጋጋሪ «ደርዘን» ሲል አሥራ ሦስት ማለቱ ነበር። ለምን ሲባል፣ ቅጣቱን ፈርቶ አንድ ስለሚጨምር ነው ይላሉ፤ የማይለው ሰው የለም። ጥሩ ወሬ ነው፣ ለእኔ ግን አልዋጥ ብሎኛል። ተቆጣጣሪው የሚመዝነው እያንዳንዱን ዳቦ ከሆነ፣ አሥራ ሦስተኛው ለአሥራ ሁለቱ ቀላል ዳቦዎች ምን ይፈይዳል? ሁለተኛው ማብራሪያ ደረቅ ነው፤ ንግድ ንግድ ግን ይሸታል። ዳቦ እያዞሩ የሚሸጡ ቸርቻሪዎች ነበሩ። ዋጋው በሕግ ስለታሰረ ጋጋሪው አይቀንስላቸውም፣ እነሱም አስበልጠው አይሸጡም። ስለዚህ የአሥራ ሁለት ከፍለው አሥራ ሦስት ይወስዳሉ፤ ትርፋቸው እሷው ናት። እኔ የቆምኩት ከዚህኛው ጋር ነው። ዋጋ ከታሰረ ክርክሩ ወደ ብዛት እንደሚዞር ጉሊት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛ ሰፈር የድንች መደብ ዋጋው ሳይነካ ከአምስት ፍሬ ወደ አራት ወርዷል። «እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ» ብል፣ «ለእኔስ ማን መረቀልኝ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቢሆንም አራቱን ፍሬ በዓይኔ ቆጥሬ ነው የገዛሁት።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህችን መቁጠር ነው የነፈጉን። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ 18 አውንስ ይይዝ የነበረው የስኪፒ የለውዝ ቅቤ፣ ከመደርደሪያው ላይ ሲያዩት ምንም ሳይለወጥ 16.3 ሆነ፤ ለካ ቂጡ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ውስጥ የቶብለሮን ቸኮሌት ከ400 ግራም ወደ 360 ሲወርድ በተራራ መሳይ ጫፎቹ መካከል ያለው ሸለቆ ሰፋ። ጥሬ ዕቃ ተወዷል ይሉናል። ይወደድ፤ ግን ቂጥ ለማጎድጎድ የሚከፈለው ባለሙያ ጥሬ ዕቃ አይደለም።

ፖለቲከኞቹም አልተኙም፤ አወሩ። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባይደን በመጋቢት 2024 ምክር ቤት ፊት ቆመው ስለ ስኒከርስ ቸኮሌት ማነስ አማረሩ፤ አምራቹም አላሳነስኩም ብሎ አስተባበለ። ሴናተር ቦብ ኬሲ ድርጊቱን እንደ ማታለል የሚቆጥር ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፣ ኬሲም በዚያው ዓመት ኅዳር ወንበራቸውን አጡ። ፈረንሳይ ግን ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች መጠኑ የቀነሰ፣ የኪሎ ዋጋው ግን የጨመረ ዕቃ አጠገብ ለሁለት ወር ማስታወቂያ እንዲለጥፉ አስገደደች። ሁለት ወር አጭር ነው፤ ከምንም ይሻላል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የዕቃው ክብደት መግለጫው ላይ እንዲሰፍር ያዛል። ስንት እንደሆነ ይነገረናል፤ ከስንት እንደወረደ ግን የሚነግረን የለም። የሚመለከታችሁ የንግድ ሹማምንት፣ ዳቦ ቤት ለማሸግ ሚዛን ይዛችሁ ስትወጡ በዚያው ሳሙናውን፣ ፓስታውንና ብስኩቱንም መዝኑልን፤ የድሮው ግራም ከአዲሱ ጎን እንዲጻፍም አስገድዱልን።