የቅርብ ጠበል

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ አበው። ሩቅ ያለውን ጠበል ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ሱባኤ ይዞ ይሄድለታል፤ ከደጁ በሚፈልቀው ላይ ግን ልጡን ይዘፈዝፍበታል። ይህ ተረት ባሕር ዳር ለምንማር ልጆች የተተረተ ይመስለኛል። ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር ዶርም ውስጥ የሚወራው ስለ ላሊበላ፣ ስለ አርባ ምንጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ውጭ አገር ነው። ጣና ግን እዚያው ነው። ነፋሱ ያሰጣነውን ልብስ ያደርቅልናል እንጂ ማንም ተነስቶ «ዛሬስ ማዶውን እንየው» ሲል አልሰማሁም። እኔ የደራ ልጅ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ያሉት አንበሳሜ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ጥቢ ወራት፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ስለሚታዩ የቅርብ ቦታዎችና የእኛ አገር ሰው «ሽርሽር ሄድኩ» ለማለት ለምን እንደሚያፍር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ። ብዙዎቻችን መስከረም ሲጠባ ጸደይ ገባ እያልን ነው ያደግነው። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር የሚለው ግን ሌላ ነው። ክረምት የሚወጣው መስከረም 25 ቀን ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 በኋላ ያለው የበልግ ጊዜ ነው። ገበሬው በበኩሉ ክረምቱ ሲወጣ ያሉትን ሳምንታት ጥቢ ይላቸዋል። ፈረንጆቹ በዚህ ሰሞን ቅጠል ይረግፍባቸዋል፤ ለእኛ ግን አበባ የሚፈነዳበት ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ ወንዙ እየጎደለ መሻገሪያው ይታያል። ቡቃያው ታርሟል፤ አጨዳው ግን ገና ነው። መንገድ ተከፍቶ እጅ ሥራ ያልያዘባቸው ጥቂት ሳምንታት አሉ ማለት ነው። ለመንቀሳቀስ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ መንገድ የሚወጣው ለጉዳይ ነው። ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ገበያ አለ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለ፣ ንግሥ አለ፣ የታመመ ዘመድ ይጠየቃል። ያለ ጉዳይ የሚዞር ሰው ወይ ሥራ ፈት ነው፣ ወይ የሚሸሸው ነገር አለ። ሽርሽር የሚባለው ነገር ለከተማ ሰውና ካሜራ ላንጠለጠለ ፈረንጅ የተተወ ነው።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ሁለት የዶርም ጓደኞቼን ይዤ ቤት በሄድኩ ጊዜ ነው። አንዱ የሐዋሳ፣ ሌላው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዘን አባይን ተሻገርንና በጎንደር መንገድ ሐሙሲት ስንደርስ ወደ ቀኝ ተገንጥለን ገባን። (ያን ጊዜ የተሻገርነው በአሮጌው ድልድይ ነበር፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው።) እንደምንመጣ አስቀድሜ ደውዬ ተናግሬያለሁ። እንዲያም ሆኖ እናቴ ገና ስማን ሳትጨርስ «ደህና ነው? ምን ተገኘ?» አለች። «ምንም፤ እንዲሁ ልናያችሁ ነው የመጣነው» አልኳት። አላመነችኝም። እንግዶቹን አስገብታ ካስቀመጠች በኋላ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ማን ሞቶ ነው? ንገረኝ ልጄ» አለች።

ጓደኞቼ በኋላ ስነግራቸው በሳቅ ፈረሱ። እኔን ግን ነገሩ አላሳቀኝም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተልኮ፣ ፊት ለፊት ነው የሚረዳው። ስለዚህ ሦስት ሆነው በጠዋት የመጡ ጎረምሶች ለእናቴ ምን ይዘው እንደመጡ ግልጽ ነበር። ልጅ እንዲሁ ናፍቆት፣ እንዲሁ ጥቅምት ስለሆነ ብቻ ይመጣል የሚባል ነገር እሷ አታውቅም። ማንም አልሞተም ብዬ ስምልላት ነው ፊቷ የተፈታው፤ ከዚያ በኋላማ የበቆሎ እሸቱ ጥብስ፣ ጠላው፣ «ብሉ እንጂ! ምነው ፈራችሁ?» የሚለው ሁሉ መጣ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ወደ ማሳ ይዞን ወጣ። ኑጉ በሙሉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። የሐዋሳው ልጅ ደንግጦ «ይሄ ሁሉ አደይ አበባ ነው?» ሲል አባቴ ፈገግ አለና «አደይማ ያ ዳሩ ላይ ያለው ነው፤ ይሄ ዘይት ነው» አለው። ኑግም አደይ አበባም ከሱፍ አበባ ጋር በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ከሩቅ ለማያውቃቸው አንድ ቢመስሉ አይገርምም። ለንቡማ ሁለቱም ያው ናቸው፤ የጥቅምትና የኅዳር ማር የሚቆረጠው ከእነሱ ነው። ከተማ ውስጥ አደይ አበባ የመስከረም 1 ቀን የፖስትካርድ ሥዕል ነው። እዚህ ግን አባቴ አበባውን አይቶ የዓመቱን ማርና ዘይት ያሰላል። ጓደኛዬ ፎቶ ሲያነሳ አባቴ ምን እንደሚያነሳ ለማየት አብሮ ስልኩ ላይ ጎነበሰ። የገዛ ማሳውን ሰው ለውበቱ ብሎ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ።

ወዲያው «ሐዋሳም ባሕር አለ ይባላል፤ ከጣና ይበልጣል?» ብሎ ጠየቀው። «ኧረ በጣም ያንሳል ጋሼ» አለ ልጁ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ደራ ደግሞ በምዕራብ በኩል ጣናን፣ በደቡብ በኩል አባይን የሚዋሰን ወረዳ ነው። አባቴ ግን ጣና ላይ ወጥቶ አያውቅም። ስንጠይቀው «እኔማ ከዳር ነው የማየው። ማዶ ምን ጉዳይ አለኝ?» አለ። ያችው ቃል! ጉዳይ!

ማታ ይህን ስናነሳ አያቴ ከምድጃው ዳር ሆና ሰማችን። «እኔ ግን ቆራጣ ሄጃለሁ፤ ስንት ጊዜ!» አለች። ለካ የቤታችን አገር ጎብኚ እሷ ናት። ቆራጣ በዚያው በደራ፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች ጥንታዊ መንደር ስትሆን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ይገኝባታል። ዓመታዊ በዓሏ ኅዳር 17 ቀን ነው። አያቴ ከጎረቤቶቿ ጋር በሶና ዳቦ ቆሎ ይዛ በእግሯ ትወርዳለች፤ በዋዜማው እዚያው ታድራለች፤ ሐይቁን ታያለች፣ ማኅሌቱን ትሰማለች፣ ከየመንደሩ የመጣ ዘመድ ታገኛለች። ስትመለስ የበሬ ዋጋ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ የትኛው ቀበሌ ላይ በረዶ እንደመታ፣ ሁሉንም ይዛ ነው። እስቲ ይህ ከሽርሽር በምን ያንሳል? እሷን ብትጠይቋት ግን «ስለት ላገባ ሄድኩ» ነው የምትላችሁ።

ቆራጣ ደግሞ ተራ መንደር አይደለችም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቀች የሐይቅ ዳር የንግድ ከተማ ነበረች። በ1858 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ያረፈው እዚያ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ያን ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። ወደ መቅደላው ዘመቻ ያደረሰው ነገር ከፊሉ በእነዚህ ሁለት ዳርቻዎች መካከል በታንኳ ሲመላለስ የከረመ ጉዳይ ነው። ወለተ ጴጥሮስም ብትሆን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ ባሏን ትታ፣ መንኩሳ፣ ንጉሡን የተቃወመች ሴት ናት። በ1642 እ.ኤ.አ. ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏ ተጻፈ። መቃብሯ ያለው በሬማ ደሴት ነው። ይህን ሁሉ እኔ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። አያቴ ማንበብ ሳትችል በእግሯ ስታውቀው ኖራለች።

በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ሦስታችን ጢስ አባይ ሄድን። ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የድሮውን የአንድ ብር ኖት የምታስታውሱ ካላችሁ ጀርባው ላይ ያለው ፏፏቴ እሱ ነው። ወደ ፏፏቴው ስንሄድ የተሻገርነው የአላታ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዚያው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ንጉሡ የአውሮፓ ሰዎችን ተቀብለው ያሠሩት ድልድይ እዚህ፣ በዚያው ምክንያት የተቃወመቻቸው ሴት ደብር እዚያ፤ ሁለቱም ባሕር ዳር ከሚማር ተማሪ የአንድ ቀን መንገድ አይርቁም። እኛ ግን ይህን ዘመን የምናጠናው ከሃንድአውት ነው።

ፏፏቴውን ለማየት ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው 11.4 ሜጋዋት የኃይል ማመንጫ፣ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው 73 ሜጋዋት ማመንጫ ሥራ ሲጀምሩ ውኃው ከገደሉ በፊት እየተጠለፈ ወደ ተርባይን ይገባ ጀመር። ከጣና የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በመካከሉ ተሠርቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋዋት የጣና በለስ ማመንጫ ደግሞ ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል። ስለዚህ በበጋ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ጥቁር ገደልና ቀጭን ውኃ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ግን ሐይቁ ሞልቶ ስለሚፈስ ስሙን የሰጠው ጢስ ይነሳል። መብራቱም ያስፈልገናል፣ ፏፏቴውም ያስፈልገናል፤ ጥቢ ሁለቱ የሚታረቁበት ወቅት ነው ቢባል ይቀላል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተከሰተው የትጥቅ ግጭት ምክንያት እነዚህ አጫጭር ጉዞዎች ሁሉ «መንገድ አለ?» በሚል ስልክ የሚጀመሩ ሆነዋል። አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። በጢስ አባይ መንደር በአስጎብኚነትና ሻሽ በመሸጥ ራሳቸውን ያስተምሩ የነበሩ ልጆችን አስባለሁ፤ የእነሱ እንጀራ የእኛ እሁድ ነበር። አያቴም ከዚያ ወዲህ ኅዳር 17ን የምታሳልፈው እቤቷ ሆና ነው። «መንገዱ ደህና ሲሆን» ትላለች፤ ዕድሜዋን ግን እኔም እሷም እናውቀዋለን። እናቴም ጥያቄዋ ተለውጧል። ቅዳሜ ልምጣ ወይ ብዬ ስደውል «አትምጣ ልጄ፤ እኛ ደህና ነን። ስልኩ ይበቃናል» ትለኛለች።

ያኔ ነው የእናቴ ጥያቄ ሌላ ትርጉም የሰጠኝ። ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ የሚወጣው አገር ሰላም ሲሆን ነው። ሽርሽር የጥጋበኛ ሥራ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የሰላም መለኪያ እንደሆነ የገባኝ ሲጠፋ ነው። ሦስት ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ተነስተው ኑግ አይተው፣ እሸት በልተው፣ ማታውን ከአንዲት አሮጊት ጋር አውርተው በማግስቱ በሰላም መመለሳቸው ተራ ነገር ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት ቅዳሜ እንዲህ አላለፈም!

ስለዚህ በተለይ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ጥቂት ምክር ልጨምር። አንደኛ፣ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ የክፍል ጓደኞቻችሁ ግማሾቹ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፣ የመንገዱን ነገር ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ መንገዱ ደህና በሆነ ቀን ከቅርቡ ጀምሩ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ቡናው በጫካ ጥላ ሥር፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል እዚያው ነው። በወረታ አልፎ በደብረ ታቦር መንገድ ያለው አውራምባ ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተ፣ ወንዱ ወጥ የሚሠራበት፣ ሴቷ ሞፈር የምትጨብጥበት ማኅበረሰብ ነው፤ የጾታ እኩልነትን በኮርስ ከተማራችሁት ሄዳችሁ ተከራከሩበት። ሦስተኛ፣ የክፍል ጓደኛ ቤት ስትሄዱ ስኳርና ቡና ያዙ፤ ባዶ እጅ አይኬድም። አራተኛ፣ መጀመሪያ ደውሉ። ደውላችሁም ቢሆን በር ላይ ከሰላምታው ቀድማችሁ «ሁሉ ደህና ነው፣ ማንም አልሞተም» በሉ።

እኔ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። መንገዱ ደህና የሆነ ዕለት አያቴን ይዤ ቆራጣ የመውረድ ሐሳብ አለኝ፤ አባቴንም ጭምር። እሱ «ምን ጉዳይ አለኝ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን አዘጋጅቻለሁ፤ «እናትህን ልትሸኝ ነው» እለዋለሁ። ይህማ ጉዳይ ነው፣ እምቢ አይልም።

መልካም የጥቢ ወራት ይሁንላችሁ። ቸር ያሰንብተን!