የጕልበት ሰም፥ የዳሌ ወርቅ

ከሊማሊሞ ሥር ከቈላው ወጥቶ በደባርቅ አጠገብ ለቅኔ ትምህርት የተቀመጠ አንድ የ13 ዓመት ተማሪ ነበረ። አኩፋዳውን ይዞ ለቁራሽ ሲዞር ማነከስ ጀመረ። መምህሩ «ምን ሆንህ፥ ልጄ?» ቢሉት፥ «ጕልበቴን ነው፥ የኔታ» አለ። እርሳቸውም የዐቀበት ድካም መስሏቸው «እየሄድህ ይለቅሃል» ብለው አሰናበቱት። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ተመላለሰ።

አንድ ቀን ተማሪዎቹ በመሬት ተቀምጠው ሳሉ መምህሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ልጁ ጕልበቱን ወደ ደረቱ ሲስብ ጭኑ በቀጥታ አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ይዞራል፤ በጕልበቱም ላይ እብጠት የለም። ሰምን ከወርቅ ሲለዩ የኖሩ ናቸውና፥ ጕልበቱ ሰም ዳሌው ወርቅ እንዳይሆን ጠረጠሩ።

ጥርጣሬያቸው እውነት ነበረ። በሚያድግ ልጅ የጭን ዐጥንት ራስና ዐንገት መካከል ገና ያልጠነከረ የማደጊያ ሥፍራ አለ። ከ10 እስከ 16 ባለው ዕድሜ፥ ቁመት በሚፈጥንበት ወራት፥ ይህ ሥፍራ ሲደክም ራሱ በጎድጓዳ ቤቱ ይቀርና ዐንገቱ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይንሸራተታል። ነርቮቹ የተያያዙ ስለ ሆኑም የዳሌው ሕመም በጕልበት ይሰማል።

ጎረቤት «ወጌሻ ይሳበው» አለ። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ በመመለሱ ምስጋና ይገባዋል፤ ይህ ግን ውልቃት አይደለም። በኀይል ቢሳብ ለዐጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች ይጐዳሉ፤ ደም ያጣ ዐጥንትም ይሞታል። ሎደር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ በ1993 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ጥናት፥ ሕመምተኞቹ በምርኩዝ እንኳ መራመድ ካልቻሉባቸው 30 ዳሌዎች በ14ቱ የዐጥንቱ ራስ ሞቷል፤ መራመድ ከቻሉባቸው 25 ግን በአንዱም አልደረሰም። እንግዲህ ልጁ ገና እያነከሰ የሚሄድበት ጊዜ የመዳኛው ጊዜ ነበረ፤ መሄዱ ግን ደኅና አስመሰለው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እግሩን መሬት እንዳያስረግጥ ተከለከለ። በመኪና ዳባትን አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጐንደር ገባ። የሁለቱም ዳሌ ራጅ ተነሣ። የዐጥንት ሐኪሙ የተንሸራተተውን ሊመልስ አልሞከረም፤ በማደንዘዣ አስተኝቶ፥ በትንሽ ቀዳዳ፥ ራጅ እየመራው፥ አንድ የብረት ብሎን በዐንገቱ በኩል እስከ ራሱ መካከል አስገብቶ ባለበት አጸናው። ብሎኑም የመጋጠሚያውን ገጽ እንዳይበሳ ተጠነቀቀ።

ልጁ በምርኩዝ ወደ ጉባኤው ተመለሰ፤ አኩፋዳውንም ጓደኞቹ ያዙለት። ሁለተኛው ዳሌ ደግሞ ሊንሸራተት ስለሚችል፥ ዕድገቱ እስኪፈጸም ድረስ እንዲታይ ታዘዘ። መምህሩም ከዚያ ወዲህ «ጕልበቴን» የሚል ተማሪ ሲመጣ አስቀድመው ዳሌውን ይመለከታሉ።