ሰጋቱራው ይናገራል



ባለፈው ዓመት የአጥቢያችን አዳራሽ ጣሪያ እንዲታደስ ሲወሰን “እንጨቱ በእኔ ይሁን” ብዬ ቃል ገባሁ። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ አባቴ የተከሉት ባሕር ዛፍ አለን። የሞተር መጋዝ ከጎረቤት ተዋስኩና በወጣቶች ክፍል አብሮኝ የሚያገለግል አንድ ልጅ ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን እንጨቱ እምቢ አለኝ። “ይኼኛው ዛፍ ደርቋል፤ ጠንክሯል” አልኩና በጉልበቴ ተጫንኩት። ሞተሩ ጮኸ፤ እንጨቱ መጨስ ጀመረ፤ ቁርጡም ወደ አንድ ጎን እየጠመመ ሄደ። ልጁ ቀስ ብሎ፣ “ጋሼ፣ ትናንት ማታ መጋዙ መሬት ነክቶ ነበር እኮ፤ ሰንሰለቱ ደንዞ እንዳይሆን” አለኝ። እኔም፣ “አንተ ዝም ብለህ እንጨቱን ደርድር! ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው?” ብዬ ጮኽኩበት። ዝም አለ። ማታ ሳይሰናበተኝ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ እሁድም በአምልኮ ላይ አላየሁትም።

ሰኞ ብቻዬን ስታገል ዕድሜያቸውን በጣውላ ስንጠቃ ያሳለፉ አንድ አባት በዚያ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። መጋዙን አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው ከመሬት ሰጋቱራውን ዘገኑና መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እንደ ዱቄት የላመ ነበር።

“ልጄ፣ ይህን እንጨት አልቆረጥከውም፤ ፈጭተኸዋል” አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለን አስተማሩኝ። ስለት ያለው ሰንሰለት ጎላ ጎላ ያለ ፍርፋሪ ይጥላል፤ የደነዘው ዱቄት ይጥላል። ስለት ያለው ራሱ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፤ የደነዘው ካልተጫኑት አይገባም። ከጨሰ በመጀመሪያ ዘይቱ ወደ ሰንሰለቱ መድረሱን ማየት ነው፤ ዘይቱ እየደረሰ ከጨሰ ግን ጥርሱ ደንዟል። ቁርጡ ከጠመመ ደግሞ የአንዱ ጎን ጥርሶች ከሌላው ይልቅ ደንዘዋል ወይም አጥረዋል ማለት ነው። አፈርን ለአፍታ መንካት ብቻ የቀኑን ስለት ይወስዳል። ልጁ የነገረኝም ይህንኑ ነበር።

ሞተሩን አጥፍተን፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ይዘን፣ ጓንት አጠለቅን። ለዚያ ሰንሰለት የሚሆነው ክብ ሞረድ ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሞረዱ በ30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ከጥርሱ ውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይገፋል፤ ሲመለስ ከጥርሱ ይነሳል እንጂ አይጎተትም። የአንዱን ጎን ጥርሶች ጨርሶ ወደ ሌላው ጎን መዞር ነው። ከሁሉ ያጠረው ጥርስ መለኪያ ይሆናል፤ ሌሎቹ በእርሱ ልክ ይሞረዳሉ።

ጨርሼ አስነሳሁት። አሁንም አልቆረጠም! “አባባ፣ ተስሏል እኮ!” አልኳቸው። ፈገግ ብለው ከእያንዳንዱ ጥርስ ፊት የቆመችውን ትንሽ ጉብታ በጣታቸው ነኩልኝ። ሥራዋ ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚነክስ መወሰን ነው። ጥርሱ በተሞረደ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ ጉብታዋ ግን እንደ ቆመች ትቀራለች። አንድ ቀን ከጥርሱ እኩል ትሆንና የተሳለውን ጥርስ ከእንጨቱ ታርቀዋለች። ከጥርሱ ጫፍ ወደ 0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ነበረባት። በጠፍጣፋ ሞረድ ጥቂት ብቻ ዝቅ አደረግናት፤ ከልክ በላይ ከወረደች ጥርሱ አብዝቶ ይነክስና መጋዙ ወደ ቆራጩ ሊዘል ይችላልና። እንደገና ሳስነሳው ፍርፋሪው እግሬ ሥር ወረደ።

ወገኖቼ፣ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠቢቡ በመክብብ 10፥10 ብረት ደንዞ ባለቤቱ ካልሳለው ጉልበት መጨመር ግድ እንደሚሆን ይነግረናል። ይህን ክፍል ሰብኬበታለሁ፤ ሁልጊዜ የምናገረውም “ጸልዩ፣ ቃሉን አንብቡ፣ ስለታችሁን አድሱ” እያልኩ ነበር። እኔም የማለዳ ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ ጾሜንም አልተውኩም። ጥርሴ ተሞርዷል። ከፊቱ የቆመችው “የማውቀው እኔ ነኝ” የምትለው ጉብታ ግን አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብላ አታውቅም።

ዛሬ የምንጠቀምበት ሰንሰለት እንዴት እንደ ተገኘ ታውቃላችሁ? በ1946 እ.ኤ.አ. ጆ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በአንድ ጉቶ ውስጥ የጥንዚዛ ትል ግራና ቀኝ እየቦረቦረ እንጨቱን ሲበላ አየ። ያንን ተመልክቶ ጥርሶቹ ግራና ቀኝ የሚፈራረቁ ሰንሰለት ሠራ። እርሱ ጎንበስ ብሎ ከትል ተማረ። እኔ ግን በጌታ ከሆነ ከገዛ ወንድሜ መማር አቃተኝ፤ ልጅ ነው ብዬ ናቅሁት።

ጌታ ኢየሱስ በማቴዎስ 5፥23-24 ያስተማረው ትዝ አለኝ። መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ በእርሱ እንዳዘነ ካሰበ መባውን ትቶ አስቀድሞ ሊታረቅ ይሄዳል። የእኔ መባ ያ እንጨት ነበር። ጠዋት መጋዙን አስቀምጬ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉ። በእናቱ ፊት፣ “አንተ ልክ ነበርክ፤ እኔ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም። “ይሁን፣ ጋሼ” አለኝ።

ሁሉም ወዲያው ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ወደ አገልግሎት ገና አልተመለሰም። ጣሪያው ግን አልቋል፤ ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር እርሱን አስባለሁ፤ እጸልይለታለሁም።

አሁን መጋዝ ስይዝ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ሰንሰለቱን አያለሁ። በአገልግሎቴም ከእኔ በታች የሚወድቀውን ለማየት እየተማርኩ ነው። አጠገባችሁ ዝም ያለ ሰው አለ? ሳይሰናበት የሄደስ? ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ጎንበስ በሉና ሰጋቱራውን እዩት።

ጌታ ሆይ፣ ስለት ብቻ ሳይሆን ዝቅ ማለትንም ስጠን። አሜን።