ዓሣን ሲያሳክከው፦ ከኤይላት የጉዞ ማስታወሻ

ኤይላት በእስራኤል ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። መጽሐፈ ነገሥትን ያነበበ ሰው አካባቢውን ያውቀዋል፤ ንጉሥ ሰሎሞን መርከቦቹን ያሠራው በዚሁ ዳርቻ ነው፣ የንግሥተ ሳባም ታሪክ የሚመጣው ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ነው። እኔ የሄድኩት ግን ለዓሣ ነው።

የኮራሉ ጥብቅ ሥፍራ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ወደ ግብፅ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ኮራሉን መንካትም ሆነ ዓሦቹን መመገብ ክልክል ነው። የመዋኛ መነጽር አጥልቄ ፊቴን ውኃው ውስጥ እንደነከርኩ የቀረው ዓለም ሁሉ ከሐሳቤ ወጣ። ብርቱካንማ ትናንሽ ዓሦች በመንጋ እየተገለባበጡ ያልፋሉ፤ ባለ ሁለት ነጭ መቀነቱ ክላውንፊሽ ከመኖሪያው ብቅ ብሎ ሊያባርረኝ ይሞክራል። እንዲህ ያለ ቀለም በሕይወት ያለ ፍጡር ላይ አይቼ አላውቅም።

ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጉብ ያለ ቋጥኝ ሥር ዓሦች ተራ የሚጠብቁ ይመስል ቆመዋል። ከመካከላቸው ባለ ሁለት ጢም የሆነው ጭራውን ወደ አሸዋው፣ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ አለ። አፉን ከፈተ፣ የስንጥቡን ክዳን አነሣ፤ ነጣ ያለው ገላው እያየሁት ቀላ። ከቋጥኙ ጥግ ጣት የምታህል፣ ከአፏ እስከ ጭራዋ ጥቁር መስመር የተሰመረባት ሰማያዊ ዓሣ መጣች። ጎኑን ለቀመችለት፣ ዓይኑን ዞረችው፣ ከዚያ በአፉ ገብታ በስንጥቡ በኩል ወጣች። እሱ ንቅንቅ አላለም።

ይህች ጽዳተኛ ዓሣ ምግቧ በሌሎች ዓሦች ላይ የሚጣበቁ ተውሳኮች ናቸው። አሌክሳንድራ ግረተር በአውስትራሊያዋ ሊዛርድ ደሴት ባደረጉት ጥናት አንዲት ጽዳተኛ በቀን 1,200 ያህል እንደምትበላ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ጉሮሮዋ ላይ ተውሳክ የሚመስል ቡናማ ምልክት አድርገውባት መስታወት ሲያሳዩአት፣ ምልክቱን አይታ ወደ ታች ወረደችና ጉሮሮዋን ፈተገች። ባሕር ውስጥ ማሳከክ ምን ያህል የታወቀ ጉዳይ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ ጋሼ ወደ ሥራቸው ይዘውኝ ሄዱ። ጋሼ የእናቴ የቆየ ወዳጅ ናቸው፤ ከጎንደር ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ አሁን የሰዎችን የጨው ውኃ አኳሪየም እየዞሩ ይንከባከባሉ። የገባንበት ቤት ገንዳ ውስጥ ገላው ሐምራዊ፣ ጭራው ቢጫ የሆነ ታንግ የሚባል ዓሣ ነበር፤ የቀይ ባሕር ልጅ ነው። ሲዋኝ ቆየና ድንጋይ አጠገብ ሲደርስ ድንገት በጎኑ ተጋድሞ ፍትግ አደረገና ተፈተለከ። ጥቂት ቆይቶ ደገመው፤ በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው ጎን። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ገላው ላይ አንድም ነጥብ አይታይም።

«ነጥብ ስትፈልጊ ጊዜ ያመልጥሻል፤ ይልቅ አተነፋፈሱን እይ» አሉኝ።

ሰዓታቸውን ይዘው የስንጥቡን ምት መቁጠር ጀመሩ። ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የቆጠሩት ደብተራቸው ላይ ስላለ ልዩነቱን ወዲያው ለዩት። ትናንት ባሕር ውስጥ ያየሁት ዓሣ ሲያሳክከው የሚሄድበት ነበረው፤ ይህኛው ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ መፋተግ ምንም ላይሆን ይችላል። ሁሉም ዓሦች ባንድ ሰዓት ከጀመሩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውኃው ነው፤ አሞኒያም ያሳክካል። ስለዚህ ጋሼ ውኃውን ሳይመረምሩ መድኃኒት አይነኩም። ከአንዱ ጀምሮ ወደ ሌላው ከተላለፈ ግን ተውሳክ ይጠረጠራል። ደጋግሞ አፍን መክፈትና ራስን መነቅነቅ ብዙውን ጊዜ የስንጥብ መቆጣት ነው። በአንድ ወገን ስንጥብ ብቻ የሚተነፍስ ዓሣ የስንጥብ ትል ሊኖርበት ይችላል። እየተፋተገ ዓይኑ የደፈረሰም እንዲሁ ሌላ ትል ያስጠረጥራል፤ ይህ ትል ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ገላው ላይ ተለጥፎም አይታይም። ዓሣውን ለጥቂት ደቂቃ በጨው አልባ ውኃ ሲነክሩት ግን ትሉ ነጥቶ ይራገፋል።

ከሁሉም የከፋው ከፓምፑ በሚወጣው ውኃ ፊት ለፊት ቆሞ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና ምግብ እንቢ ያለ ዓሣ ነው። አሚሉዲኒየም የሚባለው ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ ስንጥቡን ቀድሞ ስለሚይዝ፣ የበሽታው ምልክት የሆነው ወርቃማ ብናኝ ገላው ላይ ሳይታይ ዓሣው ሊሞት ይችላል።

ሁለተኛው የታወቀ ጠላት ክሪፕቶካርዮን ነው፤ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጥብ የሚያወጣው። ቆዳው ውስጥ ጥቂት ቀናት በልቶ ይወርድና ወለሉ ላይ ይከረቸማል፤ ውስጡ እየተከፋፈለ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ያወጣል፤ እነርሱም በአብዛኛው የሚወጡት በጨለማ ነው። ሰፊ ባሕር ላይ ዓሣ የሚያገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። ገንዳ ውስጥ ግን ታንጉ በየሌሊቱ አንድ ጥግ ስለሚተኛ በቀላሉ ያገኙታል። ነጥቡ ሲጠፋ ዳነልኝ ብሎ የሚደሰት ሰው፣ ተውሳኩ ሊራባ መውረዱን አላወቀም።

ይህን ያህል የሚታወቀው በከፊል ኤይላት ውስጥ በተሠራ ሥራ ነው። አሚሉዲኒየም በዚያ በሚረቡ ዓሦች ላይ ያደረሰውን ጥፋት ኢላን ፓፐርና እ.ኤ.አ. በ1980 ጽፈዋል፤ አንጀሎ ኮሎርኒ ደግሞ በ1985 የውኃውን ጨዋማነት ዝቅ በማድረግ ክሪፕቶካርዮንን መቆጣጠር እንደሚቻል አሳይተዋል። አሚሉዲኒየም ግን የጨው መቀነስን ይቋቋማል። በሽታውን መለየት ሕይወት የሚያተርፈው ለዚህ ነው። ለሁለቱም የሚሠራው መዳብ ኮራልንና ሸርጣንን ስለሚገድል፣ የሚሰጠው በተለየ ገንዳ ውስጥ፣ መጠኑ በየቀኑ እየተለካ ነው። ዋናው ገንዳም ከ70 ቀን በላይ ያለ ዓሣ ይቆያል።

ታንጉን በዚያው ቀን ወደ ማቆያ ገንዳ ወሰድነው። ባለቤትየዋ ጽዳተኛ ዓሣ ገዝተው ቢያስገቡ ይሻል እንደሆነ ጋሼን ጠየቋቸው፤ እሳቸው ግን አይጠቅምም አሉ። ክሪፕቶካርዮን ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጥ ጽዳተኛዋ አትደርስበትም፤ ሁለት ሦስት ዓሣ ባለበት ገንዳም የምትበላው አጥታ ትከሳለች። እኔም ያንን ቋጥኝ ካየሁ በኋላ ቦታዋ ባሕሩ ነው እላለሁ።

በአረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮችም ሆነ በአሜሪካ የጨው ውኃ ገንዳ ያላችሁ ወገኖች፣ ዓሦቻችሁ ጤነኛ ሳሉ አተነፋፈሳቸውን ቆጥራችሁ ጻፉ፤ አዲስ የገዛችሁትንም ቢያንስ አንድ ወር ለይታችሁ አቆዩ። ዓሣችሁ ፓምፑ ፊት ቆሞ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ካያችሁ ለነገ አታሳድሩት።