ቁልቁለት ላይ ሾፌሩን አታጣድፈው

አንባቢ ሆይ፤ ከሰቆጣ ተነሥተህ በኮረም በኩል በግራካሶ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አላማጣ የወረድህ እንደ ሆነ አንድ ነገር ሳታስተውል አትቀርም። ጭነት የያዘ አሮጌ ካሚዮን ቁልቁለቱን የሚወርደው ዳገቱን በሚወጣበት አዝጋሚ ፍጥነት ነው። የመውጣቱስ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሲወርድ ግን ምን ያዘው? በጋቢና የተቀመጠው መንገደኛ፥ ይልቁንም ለሥራ የተላከ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ፥ ሰዓቱን እያየ «ወንድሜ፥ በእግራችን ብንሄድ እንቀድምህ ነበር» ይለዋል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና ለሾፌሩ ጠበቃ ልቁምለት።

ከኮረም እስከ አላማጣ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,000 ሜትር ያህል ነው። ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 20 ቶን የሚመዝን ካሚዮን ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ500 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከሃያ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በላይ ማለት ነው! ይህን ሁሉ እሳት የፍሬን ሸራ ብቻውን ተሸከም ከተባለ ይግላል፥ ይሸታል፥ በመጨረሻም መያዙን ይተዋል። ተሳቢው ደግሞ ከኋላ ይገፋል።

መድኃኒቱ ከባድ ማርሽ ነው። ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፤ ሞተሩም እንቢ እያለ ያጓራል። መንገደኛው ብልሽት የሚመስለው ያ ጩኸት የማይቃጠል ፍሬን ነው። ነገር ግን ማርሹ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው፤ ፍጥነት ከተጨመረ በኋላ አሮጌ ካምቢዮ አልገባም ይልና መኪናው በዜሮ ማርሽ ይቀራል። አንዳንዶችማ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ ወደው ዜሮ ያደርጉታል። በማርሽ ሲወርዱ እግር ከነዳጅ ከተነሣ የናፍጣ ሞተር የሚጠጣው እጅግ ጥቂት መሆኑን የነገራቸው የለም መሰለኝ።

«የእኔ አውቶማቲክ ነው፥ ራሱ ያውቃል» የሚሉም አሉ። አሮጌ አውቶማቲክ የሚያውቀው የመኪናውን ፍጥነትና የነዳጁን አረጋገጥ ብቻ ነው፤ ከኋላው የሚጎትተውን ጭነት፥ ከፊቱ ያለውን ገደል አያይም። ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ሾፌሩ ያረፈ ይመስለውና ወደ ቀላሉ ማርሽ ያልፋል፤ ይህም የሚፈለገው ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ነጂው ራሱ መምረጫውን ከ«ዲ» ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ይሳበው። ዳገት ላይም ተሳቢ እየጎተተ በሁለት ማርሽ መካከል ሲመላለስ ዘይቱን ከሚያግል በከባዱ ቢጸና ይሻላል።

ሾፌሩ መንገድ ላይ ቆሞ፥ ረዳቱም ታኮ ሲያደርግ ያየህ እንደ ሆነ ፍሬኑ እስኪበርድ ነውና ወርደህ እግርህን አፍታታ። በጋለው ታምቡር ላይ ውሃ እናፍስ የሚል ቢነሣ ግን ከልክለው፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።