ካሜራ ያልደረሰለት ቡድን

አንድ የሙዚቃ ቡድን ለብዙ ዘመን ጸንቶ የሚቆየው በድምፃውያኑ ችሎታ ብቻ አይደለም። የሚለማመድበት አዳራሽ፣ የሚተዳደርበት ደመወዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራውን መዝግቦ ለትውልድ የሚያኖር እጅ ያስፈልገዋል። በድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሳሎን የታየው ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ሐቅ አጉልቶ አውጥቶታል።

ፊልሙ የሚተርከው ሱፐር ጁኒየር ስለተባለው የኮሪያ የዘፈን ቡድን ነው፤ ለተመልካች የቀረበውም በ2015 ዓ.ም. ነው። ቡድኑ በ1998 ዓ.ም. በ12 ወጣቶች ሴኡል ላይ ተጀመረ፤ ከወራት በኋላም 13ኛው ተጨመረ። ከመካከላቸው የተለዩ አሉ፤ የቀሩትም የአገራቸው ሕግ የሚያዘውን የብሔራዊ ግዳጅ አገልግሎት ተራ በተራ እየፈጸሙ ወደ መድረክ ተመልሰዋል።

ኮሪያ ለድሬዳዋ ሰው ባዕድ ስም አይደለችም። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ለመዝመት ወደ ጅቡቲ የወረደው በዚሁ የምድር ባቡር መሥመር ነበር። ዛሬ ዜማው በተራው ከወዲያ ይመጣል።

ፊልሙን የከፈተችው ተማሪ ናት፤ ከጎኗ የተቀመጡት የምድር ባቡር ጡረተኛ አያቷ ናቸው። አዛውንቱ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ለመሆኑ እነዚህን ልጆች፣ ማንም ሳያውቃቸው ገና ሲለማመዱ የቀረጻቸው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ድርጅታቸው ነው፣ አባባ።»

«የእኛዎቹንስ?»

ልጅቱ መልስ አላገኘችም።

የእኛዎቹ የተባሉት አፍራን ቀሎዎች ናቸው። ቡድኑ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ ተቋቁሞ፣ ስሙን ከአራቱ የቀሎ ኦሮሞ ጎሣዎች ወስዶ፣ በየሠርጉ ቤት በኦሮምኛ ይዘፍን ነበር። አሊ ሸቦ ከድምፃውያኑ አንዱ ነበር። አሊ መሐመድ ሙሳም ገና በልጅነቱ ገብቶ በመጀመሪያ ዜማው «ቢራ» የተሰኘውን ስም አተረፈ። ይሁን እንጂ የዘውዱ ሥርዓት ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ሲዘፍን መስማትን ስለ ፈራ ቡድኑን አገደው፤ አባላቱም ተበተኑ። አሊ ቢራ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ አገር ያወቀው ጥበበኛ ሆነ፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎም በተወለደባት በድሬዳዋ ተቀበረ።

በኮሪያው ፊልም ከባልደረቦቹ የተለየ ሰው እንኳ ምስሉ አለ። በእኛ ዘንድ ግን የአንዱ ዝነኛ ስም በጎላ ቁጥር ከኋላው ቆመው መሣሪያ የመቱት፣ ግጥም ያቀበሉት፣ ቤታቸውን ለልምምድ የለቀቁት ይደበዝዛሉ። የታገደው ዘፈን ኋላ ተፈቅዷል፤ ያልተቀዳው ልምምድ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አዛውንቱ ደጃፍ ይላክ፤ የባህል ሠራተኛው መቅጃውን ይያዝ፤ ከያኒው የሰማውን ይጻፍ። ለዚህ ሥራ የሴኡል ሀብት አያስፈልግም፤ ዛሬ በየወጣቱ ኪስ ያለው ስልክ ይበቃል። የሚያጥረው የአዛውንቱ ዕድሜ ነው።