የሚያንጠባጥብ ቧንቧ

በአዲስ አበባ ከተማ አንድ ሰው ነበረ። ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ውሃውም በአሮጌ የብረት ቧንቧ ይመጣለት ነበር። የቧንቧው መክፈቻ አርጅቶ ማንጠባጠብ በጀመረ ጊዜ ሰውዬው በጨርቅ ጠመጠመውና «ጠብታ ምን ይጎዳኛል?» ብሎ ተወው። ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ነገ ነገ ማለት ልማዱ ስለ ነበረ ነው።

ሴት ልጁ ግን አንድ ማታ ከመክፈቻው በታች 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አኖረች። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ሞልቶ ሲፈስ አገኘችው። በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢወድቅ በአንድ ቀን 86400 ጠብታ ይሆናልና። «አባባ፥ ለዚህ ሁሉ ውሃ እኮ እንከፍላለን» አለችው። አባቷም አፈረ፤ ሠራተኛም ጠራ።

ሠራተኛው አስቀድሞ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን መዝጊያ ዘጋ። ይህን ሳያደርግ ቧንቧ የሚፈታ ሰው ቤቱን በውሃ ይሞላል። ከዚያም መክፈቻውን ፈትቶ በውስጡ ያለችውን ያለቀች ጎማ ለወጠ። ነገር ግን ዋናው መዝጊያ ተከፍቶ፥ መክፈቻው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ፥ ቆጣሪው መዞሩን አልተወም። ስለዚህ በግድግዳው ሥር ቆፈሩ። በዚያም ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ አልቆ፥ ቧንቧው በዝገት ተበልቶ ተገኘ፤ ምድሩም ረጥቦ የቤቱ የማዕዘን ቋሚ ከሥሩ በስብሶ ነበር።

ሠራተኛው የተበላውን ቧንቧ አወጣ፤ በአዲሱም ጥርስ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ አጥብቆ ገጠመው። ማታ ልጂቱ ቆጣሪውን ብታይ ቆሟል። አባቷ ግን ለበሰበሰው ቋሚ ምትክ የሚሆን እንጨት ገና ይፈልግ ነበር።